ከባዕድ አገር ከመጣ ባል ወይም ሚስት ጋር ቤት ስለ መግዛት

«ቤት» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ያመለክታል። ግድግዳውንና ጣራውን ቤት እንላለን፤ በውስጡ የሚኖሩትን ባልና ሚስት፥ ልጆችንም ጭምር ቤት እንላለን። «የእገሌ ቤት ተባረከ» ተብሎ ሲነገር የተባረከው ቆርቆሮው አይደለም፤ «የእገሌ ቤት ፈረሰ» ሲባልም ብዙ ጊዜ ግድግዳው እንደ ቆመ ነው። እንግዲህ ቤት የሚገዙ ባልና ሚስት ሁለት ቤት በአንድ ጊዜ ያሰናዳሉ ማለት ነው። የግድግዳው ቤት በመልካም ሥርዓት ካልተገዛ የሰዎቹን ቤት ይዞ ሊወድቅ ስለሚችል፥ ነገሩን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

በዚህ ሳምንት ይህን ጉዳይ ያነሣነው ከጅማ ከተማ፥ ወዳጆቻችን ከሆኑት ባልና ሚስት አንድ ጥያቄ ስለ ደረሰን ነው። ሚስቲቱ ከአጋሮ ከቡና ገበሬ ቤት የተወለደች አስተማሪ ናት። ባሏ ደግሞ የሱዳን ተወላጅ ነው፤ የቡና ንግድ ወደ ጅማ አመጣው፥ ፍቅርም በዚያው አስቀረው። በሕግ ከተጋቡ 3 ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ካለበት ከኪቶ ፉርዲሳ መንደር አንድ ቤት አገኙ። ዋጋውን ተስማሙ፤ ቀብድ ሊሰጡም ቀን ቆረጡ። ነገር ግን ሚስቲቱ ለእኛ የነገረችን ቃል ይህ ነው፤ «ገንዘቡን ያጠራቀምነው ሁለታችን ነን። ደላላው ካርታው በአንቺ ስም ብቻ ይውጣ አለ፤ አጎቴም ይህንኑ መከረኝ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ አልተቃወመም፤ ዝም አለ። እኔ ከተቃውሞው ይልቅ ዝምታውን ፈራሁት። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ጥያቄው የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዛሬ በስደትም፥ በንግድም፥ በትምህርትም ምክንያት ሰው ከአገር ወደ አገር ይዘዋወራል፤ ጋብቻውም እንደዚያው ከአገር አገር ተሻግሯል። ስለዚህ መልሱ ለብዙ ቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን በሰፊው ልንጽፈው ወደድን።

ጅማ እንግዳን መቀበል ዛሬ የጀመረች አገር አይደለችም። ከ50 ዓመት በላይ የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ንግድን የሚወዱና ነጋዴን የሚያከብሩ ሰው እንደ ነበሩ በታሪክ የታወቀ ነው። ቤተ መንግሥታቸው ከከተማው በላይ በጅሬን ኮረብታ ላይ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ከበታቹ በነበረው በሂርማታ ገበያ የሰሜኑ ነጋዴ፥ ዓረቡ፥ ሌላውም የባሕር ማዶ ሰው እየመጣ ይገበያይ ነበር። በኋላም «ፈረንጅ አራዳ» የሚባል ሰፈር በከተማይቱ ውስጥ ስሙን ይዞ ቀረ። ከነዚያ እንግዶች ብዙዎቹ የአገሩን ሴት አግብተው፥ ቋንቋውን ተምረው፥ ልጅ ወልደው ኖሩ። የጅማ ሰው እንግዳውን ቡና አፍልቶ ተቀበለው እንጂ «አገርህ ወዴት ነው?» እያለ ከደጁ አልመለሰውም።

ነገር ግን እንግዳን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ የእንግዳን ስም በርስት ደብተር ላይ መጻፍ ሌላ ነገር ነው። ልብ ለሰው በቶሎ ይከፈታል፤ መዝገብ ግን በሕግ ካልሆነ አይከፈትም። ስለዚህ ሕጉ ከወዴት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ በአጭሩ እንመልከት።

በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፥ ኢትዮጵያዊ ወንድ በሕግ ያገባት የውጭ አገር ሴት ኢትዮጵያዊት ትሆናለች ይል ነበር። ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ አገር ሰው ስታገባ ግን ባሏ በጋብቻው ኢትዮጵያዊ አይሆንም ነበር፤ ይልቁንም የባሏ አገር ሕግ ዜግነት ከሰጣት የራሷን ታጣ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን የወንድ ልጃችን ሚስት በጋብቻዋ ወደ ቤታችን ስትገባ፥ ሴት ልጃችን ደግሞ በጋብቻዋ ከቤታችን ትወጣ ነበር ማለት ነው። ይህ ልዩነት በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ቀረ። በ33ኛው አንቀጽ፥ ወንድም ሆነ ሴት ኢትዮጵያዊ ከውጭ አገር ሰው ጋር በመጋባቱ ዜግነቱን እንደማያጣ ተደነገገ።

ስለ ቤትና ስለ መሬት ደግሞ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ390ኛው ቁጥር፥ ማናቸውም የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ በኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለሀብት ሊሆን አይችልም ሲል ወሰነ። በቅን ልቡና ይዞ የተገኘ ቢኖርም፥ በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ አዘዘ። ከዚያ በኋላ በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወለት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም አለ። እንግዲህ ዛሬ በኪቶ ፉርዲሳ «ቤት ገዛሁ» የሚል ሰው የገዛው የተሠራውን ቤትና በቦታው የመጠቀሙን መብት ነው እንጂ አፈሩን አይደለም። ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ፥ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ መሠረት ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው።

በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፥ የውጭ አገር ዜጎች በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ወይም ባለይዞታ ስለሚሆኑበት ሁኔታ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ለብዙ ዘመን ተዘግቶ የነበረው በር በዚህ ተከፈተ። ነገር ግን የተከፈተው በልክና በሁኔታ ነው፤ ማንም እንደ ወደደ የሚገባበት አይደለም። ስለዚህ «የውጭ አገር ሰው ፈጽሞ አይችልም» የሚለውን የቆየ ወሬ፥ ወይም «አሁን ሁሉም ተፈቅዷል» የሚለውን አዲስ ወሬ ከደላላ አፍ ሰምቶ ገንዘብ መክፈል ሞኝነት ነው። አዋጁንና አዋጁን ተከትሎ የሚወጣውን መመሪያ በሕግ አዋቂ ፊት አስነብቦ መረዳት ይገባል።

ከዚህም በቀር አንድ ሌላ መንገድ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378፥ ከኢትዮጵያዊ ጋር የተጋባ የውጭ አገር ሰው፥ ጋብቻው ቢያንስ 2 ዓመት ከሆነውና ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ 1 ዓመት በኢትዮጵያ ከኖረ ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል ይላል። ዜግነቱን ሲያገኝም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ቤት ይገዛል። ሆኖም የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቅ ይኖርበታል፤ የታማኝነት ቃልም ይምላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አገር እንደ አሮጌ ካባ አውልቀው የሚጥሉት ነገር አይደለም፤ እናት የተቀበረችበት፥ ወንድም ያለበት ነው። ስለዚህ ሚስት ወይም ባል፥ አማት ወይም አጎት፥ «ቤቱን እንድንገዛ ዜግነትህን ለውጥ» ብለው ሊያስጨንቁት አይገባም። በገዛ ፈቃዱ ወድዶ ቢያደርገው መልካም ነው፤ ለካርታ ሲል ብቻ ቢያደርገው ግን በልቡ ቂም ይቀራል።

ወዳጆቻችን የሱዳኑ ባልና የአጋሮዋ ሚስት ይህን ሁሉ ከመረመሩ በኋላ እንደ ብዙዎቹ ቤቱን በሚስቲቱ ስም ለማድረግ ቢያስቡ፥ ነውር የለበትም። ነውሩና አደጋው የሚመጣው ሁለቱ የሠሩት ቤት በአንዱ ስም ሲጻፍ የሌላው ድርሻ በልብ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ነው። ይህን ለማስረዳት ከብዙ ዓመት በፊት በዓይናችን ያየነውን እንናገር።

በጅማ ዙሪያ ከሚገኙት የቡና ከተሞች በአንዲቱ፥ ከየመን የመጣ አንድ ልብስ ሰፊ ይኖር ነበር። የአገሩን ልጅ አግብቶ ሁለት ልጆች ወለደ። ለ12 ዓመት በመኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ሰፍቶ፥ እናቱ የሰጠችውንም ወርቅ ሸጦ፥ ከሚስቱ ጋር ቤት ሠራ። ካርታው በሚስቱ ስም ወጣ፤ የሰጠውን ገንዘብ የሚያስረዳ ደረሰኝም ሆነ ውል አልነበረም። «በእኔና በአንቺ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይል ነበር። እኛም በዚያን ጊዜ ይህን ስንሰማ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው ብለን አመሰገንነው። ማመስገናችን ስሕተት እንደ ነበር የተረዳነው በኋላ ነው።

ሚስቱ ታማ ሞተች። አርባዋ በወጣ በሳምንቱ የሟች ወንድሞች መጡና፥ «ካርታው የእህታችን ነው። አንተ እንግዳ ነህ፤ እንግዳ ደግሞ ቀኑ ሲደርስ ይሄዳል» አሉት። ሰውየው ሕጉን አያውቅም፤ አማርኛውም ሆነ ኦሮምኛው ለክርክር የሚበቃ አልነበረም። እኛ ለልቅሶ ስንደርስ የልጆቹን ልብስ በሻንጣ አጥፎ፥ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ጠቅልሎ፥ ከደጃፉ ተቀምጦ አገኘነው። «ወዴት ትሄዳለህ?» ብንለው፥ «እኔም አላውቅም» አለ።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አንዲት ጎረቤት በዚያን ጊዜ ወደ ጓዳ ገብታ የሟችን የወጥ ቤት ደብተር አመጣች። ሟች ጽሕፈት የምታውቅ፥ ጥንቁቅ ሴት ነበረች። ከዘይቱና ከሽንኩርቱ ሒሳብ መካከል፥ ለቆርቆሮ ከእርሱ ይህን ያህል፥ ለምስማር ከእኔ ይህን ያህል፥ ለአናጢ የዛሬ ዋጋ ከእርሱ እያለች ቤቱ ከተጀመረበት ቀን እስከ ተፈጸመበት ቀን ድረስ ጽፋ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደብተሩን ጮክ ብሎ አነበበ። ንባቡ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ሲፈጸም ከወንድሞቹ ታላቁ አንገቱን ደፍቶ፥ «እህቴ ከመቃብር ከተናገረች እኔ ምን እላለሁ» አለና ነገሩ በእርቅ አለቀ። ቤቱ ለልጆቹ እንዲጠበቅ፥ አባትየውም እያሳደጋቸው በዚያው እንዲኖር ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን ሁለት ነገር ልብ እንዲሉ እንለምናለን። የመጀመሪያው፥ የወንድሞቹ ክርክር ከመነሻው ሕግ አልነበረውም። በኢትዮጵያ የውርስ ሕግ ሟች ልጆች ካሉት የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ልጆች ባሉበት ወንድም አይወርስም። አንድ ወላጅ ሲሞትም የልጆቹ ሞግዚትና አሳዳሪ በሕይወት ያለው ወላጅ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ቤትም በአንዱ ስም ስለ ተጻፈ ብቻ የአንዱ አይሆንም። ያ ምስኪን ይህን ባለማወቁ ሁለት ልጆች ይዞ በጎዳና ሊወድቅ ነበር። ሁለተኛው፥ ያ የወጥ ቤት ደብተር በፍርድ ቤት እንደ ውል የሚቆጠር ሰነድ አይደለም። ሰውየው የዳነው ሽማግሌዎቹ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው፥ ወንድሞቹም ይሉኝታ የሚገባቸው ሰዎች ስለ ሆኑ ነው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ያለ ዕድል አይገጥመውም። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነገር አይተው ነው።

እንግዲህ ወዳጆቻችንና እንደ እነርሱ ያሉ ሁሉ ምን ያድርጉ? እንደሚከተለው እንመክራለን።

አንደኛ፥ ጋብቻው ራሱ በክብር መዝገብ የተመዘገበ መሆኑን ያረጋግጡ። በውጭ አገር የተፈጸመ ከሆነም ማስረጃው በሚገባው መሥሪያ ቤት ተረጋግጦ ይያዝ። ጋብቻው ያልተጻፈ ሰው ስለ ቤቱ ሲከራከር አስቀድሞ ስለ ጋብቻው ሊከራከር ይገደዳል።

ሁለተኛ፥ ገና ያልተጋቡ ከሆኑ የጋብቻ ውል ይጻፉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ስለ ንብረታቸው ውል እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ 4 ምስክሮች፥ ይኸውም 2 በባል በኩል 2 በሚስት በኩል ይፈርሙበታል። ከተጋቡ በኋላ ግን ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎች በቤታቸው ተቀምጠው አንድ ወረቀት ጽፈው፥ ሁለቱም ፈርመው፥ ከሣጥን ውስጥ ያስቀምጡና ተማምነው ያድራሉ፤ በችግር ቀን ሲያወጡት ወረቀቱ አያድናቸውም። ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ማጸደቅ የጠብ ምልክት አይደለም፤ የጥንቃቄ ምልክት ነው።

ሦስተኛ፥ ገንዘቡ በባንክ በኩል ይከፈል። እያንዳንዱ ያወጣውን ከራሱ ሒሳብ ያስተላልፍ፤ የባንኩም ወረቀት ይጠበቅ። በዚሁ በቤተሰብ ሕግ፥ ባልና ሚስት ከጋብቻ በኋላ በጥረታቸው ያገኙት ሁሉ የጋራ ነው፤ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው እስካላስረዳ ድረስ እንደ ጋራ ይቆጠራል። ከጋብቻ በፊት የነበረ፥ ወይም በውርስና በስጦታ የመጣ ግን የግል ነው። እንግዲህ አባቷ ከቡናው ሽያጭ በስጦታ የሰጣት ገንዘብ፥ ወይም እርሱ ከጋብቻ በፊት በአገሩ ያጠራቀመው ገንዘብ በቤቱ ውስጥ ከገባ፥ የኋላ ክርክር የሚነሣው በዚህ ነውና በጊዜው ይጻፍ። ጅማ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ እንደ መሆኗ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 69/1995 መታየት አለበት፤ ስለዚህ ከአካባቢው የሕግ አዋቂ ጋር አንቀጹን ማመሳከር ይገባል።

አራተኛ፥ ቤቱ የጋራ ከሆነ ያለ ሁለቱም ስምምነት ሊሸጥ፥ በዋስትና ሊያዝ፥ ወይም ለሌላ ሊተላለፍ እንደማይገባ ሁለቱም ይወቁ። ይህ ድንጋጌ ስሙ በካርታው ላይ ላልተጻፈው ጋሻ ነው። ጋሻ ግን ሰው ካላነሣው ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ስለዚህ ባለቤቱ የማያውቀው ሽያጭ እንደ ተደረገ የሰማ ሰው ጊዜ ሳያሳልፍ ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ አቤቱታው የሚቀርብበት ጊዜ በሕግ የተወሰነ ነውና።

አምስተኛ፥ ኑዛዜ ይጻፍ። በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ እርስ በርሳቸው አይወራረሱም፤ በሕይወት የቀረው ከጋራው ንብረት የራሱን ድርሻ ያገኛል እንጂ የሟቹን ድርሻ የሚወርሱት ልጆቹ፥ ልጅ ከሌለም ሌሎች ዘመዶቹ ናቸው። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት እንግዲህ ይልቁን ይጠንቀቁ። በ4 ምስክሮች ፊት የሚነበብ ኑዛዜ አለ፤ ሰው በገዛ እጁ የሚጽፈውም አለ። የትኛው እንደሚሻልና የውጭ አገር ዜጋ ለሆነው ወገን ምን ሊተላለፍለት እንደሚችል ሕግ አዋቂ ይጠየቅ። ልጆች ሲወለዱም የልደት ማስረጃቸው ወዲያው ይውጣ። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነውና፥ የቤቱ ጽኑ መሠረት ያ ትንሽ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ስድስተኛው ምክራችን ማንኛውም ቤት ገዢ የሚያስፈልገው ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት መደረግ አለበት፤ ከዚያም ስሙ በመዝገብ ይዛወራል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን፥ ግብሩም የተከፈለ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ሻጩ ያገባ ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በኪቶ በኩል ደግሞ ረግረግ መሬት ስላለ፥ የጅማም ዝናብ ብዙ ስለ ሆነ፥ ቤቱን በበጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። በክረምት ውሃው ወዴት እንደሚሄድ፥ በግድግዳው ላይ የእርጥበት ምልክት እስከ የት እንደ ወጣ ተመልከቱ፤ ጎረቤቱንም ጠይቁ። ሻጭ የሚሸሽገውን ጎረቤት ይነግራችኋል።

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ወደ ባልየው ዝምታ እንመለስ። ሚስቲቱ የፈራችው በደንብ ነው። ባዕድ አገር የሚኖር ሰው ዝም ሲል ብዙ ጊዜ ተስማምቶ አይደለም፤ «ብናገር ገንዘብ ወዳድ ይሉኛል፥ ባልናገር ነገ ከደጅ እቀራለሁ» እያለ በሁለት ሐሳብ ተይዞ ነው። ስለ ድርሻው መጠየቅ የሚያሳፍረው እርሱ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ መናገር የሚገባው ስሙ በካርታው ላይ የሚጻፈው ወገን ነው። ሚስቲቱ ማታ ቡናው ከተፈላ በኋላ፥ «ቤቱ በስሜ ይጻፋል፤ ግን ግማሹ የአንተ መሆኑን በፍርድ ቤት ፊት እንድናጸድቅ እኔ ራሴ እፈልጋለሁ» ብትለው፥ ይህ ቃል ከቤቱ ዋጋ ይበልጥበታል። ባልየውም በበኩሉ፥ ይህን ስትለው ስለ ይሉኝታ ብሎ «ግድ የለም፥ ተዪው» እንዳይላት እንለምነዋለን። ያ የየመን ልብስ ሰፊ «ወረቀት ምን ያደርጋል» ያለ ዕለት ሚስቱን ያከበረ መስሎት ነበር፤ ልጆቹን ግን ያለ ጋሻ አስቀራቸው።

ለወላጆችና ለዘመዶችም አንድ ቃል አለን። «ልጃችን እንዳትታለል» ብሎ መጠንቀቅ የዘመድ ወግ ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ጥንቃቄው አንዱን ወገን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ጥንቃቄ መሆኑ ይቀርና ወጥመድ ይሆናል። አማች የሆነውን ሰው በሠርጉ ቀን «ልጃችን ነህ» ብለን መርቀን፥ በሞቱ ወይም በሐዘኑ ቀን «እንግዳ ነህ» ብንለው ምርቃታችን ሐሰት ነበር ማለት ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ላላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ እንዲህ እንላለን። በመስኮታችሁ ፊት እንደነዚህ ያሉ ባልና ሚስት ሲቆሙ፥ «አይቻልም» የሚለው አጭር ቃል ለእናንተ ቀላል ነው፤ ለእነርሱ ግን የዕድሜ ነገር ነው። የማይቻለውን ስትነግሯቸው የሚቻለውንም አብራችሁ ንገሯቸው፤ የትኛው ወረቀት ከየትኛው ክፍል እንደሚገኝ አመልክቷቸው። ሰው ሕጉን ሲያውቅ ሕጉን ያከብራል፤ ካላወቀ ግን ወደ ደላላ ይሄዳል።

ለወዳጆቻችን እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ቤቱን ግዙ፤ አትፍሩ። ቀብዱን ግን ለሁለት ሳምንት አዘግዩት፤ በነዚያ ቀኖች ከሕግ አዋቂ ዘንድ ሂዱ፥ የየራሳችሁን ገንዘብ በባንክ አስመዝግቡ፥ በመካከላችሁም የሚሆነውን ስምምነት ጽፋችሁ በፍርድ ቤት አጸድቁ። ከዚያ በኋላ ካርታው በማንም ስም ቢወጣ ሁለታችሁም እፎይ ብላችሁ ትተኛላችሁ። ስትገቡ ደግሞ ንገሩን፤ ከጅሬን በታች፥ ከኪቶ ሜዳ ላይ፥ የአጋሮን ቡና ለመጠጣት እንመጣለን።